ለልጅ ኩላሊት ማን ይስጥ?

ከከተማውም ከገጠር ቀበሌዎቹም የመጣችሁ የፋግታ ለኮማ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሆስፒታል ውስጥ ይነሣና ቤት ድረስ፣ የዘመድ ምክር ድረስ ይዘልቃል። የልጁ ሁለት ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል፤ ሐኪሙም «ኩላሊት ቢተካለት ነው የሚሻለው» ብሏል። ታዲያ ማን ይስጥ? አባት ደም ግፊት አለበት። እናት የምታጠባው ሕፃን ጉልበቷ ላይ ነው። ዘመድ ዞር ዞር ብሎ ያይና ዓይኑ የታማሚው ታላቅ ወንድም ላይ ያርፋል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጤነኛ ነው፤ ከብት ሲያግድ ውሎ አይደክመውም። «የልጅ ኩላሊት ለልጅ ይስማማል» ይላል አንዱ፤ ሌላውም «እውነት ነው» ብሎ ይቀበለዋል።

አባባሉ ከፊሉ እውነት ነው። በዕድሜ ከለጋ ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት በልጅ ሰውነት ውስጥ ጥሩ እንደሚሠራ በዓለም ላይ ያሉ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት መዝግበው አረጋግጠዋል። ነገር ግን እነዚያ ለጋሾች በአደጋ ወይም በድንገተኛ ሕመም የሞቱ፣ ወላጆቻቸው በኀዘን መካከል «ይሁን» ያሉላቸው ልጆች ናቸው። በሕይወት ያለ ልጅ ኩላሊት ይሰጥ ዘንድ መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ያለኝን አቋም ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ መጠየቅ የለበትም። ይህን የምልበትን ምክንያት ላስረዳችሁ ነው የመጣሁት።

በመጀመሪያ ስለ ኩላሊት ራሱ። ኩላሊት ተሠርቶ የሚያልቀው በእናት ማሕፀን ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ በሕክምናው ቋንቋ ኔፍሮን ይባላሉ። የመጨረሻዎቹ ኔፍሮኖች የሚሠሩት ፅንሱ 36 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድም አዲስ ኔፍሮን አይጨመርለትም። ስለዚህ የሁለት ዓመት ሕፃን ኩላሊት በመጠን ትንሽ ይሁን እንጂ በማጣሪያ ቁጥር ሙሉ ነው። የሚቀረው መፋፋት ብቻ ነው። ጎልማሳነት ከገባ በኋላ ደግሞ እነዚህ ማጣሪያዎች ቀስ በቀስ እየሞቱ ቁጥራቸው ይመናመናል። ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅ ሲጀመርም ያነሱ ኔፍሮኖች ይዞ ስለሚመጣ፣ የነፍሰ ጡር እናት ምግብና ክትትል የልጇ የኩላሊት ጉዳይ ጭምር ነው። ይህን ለእናቶቻችሁ በአውኚ መልሳችሁ እንድትነግሩልኝ እለምናችኋለሁ፤ በእርግዝና ወቅት ስለ መመገብ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የሕፃኑ ክብደት ብቻ ነውና።

የልጅ ኩላሊት ለምን ይደክማል? በአዋቂ ሰው ስኳርና ደም ግፊት ቀዳሚዎቹ ምክንያቶች ናቸው። በልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አብሮ የተወለደ ነው፤ ኩላሊቱ በደንብ ሳይሠራ ይቀራል፣ ወይም የሽንት መውጫው ይጠብና ሽንት ወደ ኋላ እየተመለሰ ኩላሊቱን ያበላሻል። ሌላው ምክንያት የማጣሪያዎቹ መቆጣት ነው። ፊትና እግር የሚያሳብጠው፣ ሽንትን አረፋማ የሚያደርገው ኔፍሮቲክ ሲንድረም የሚባለው ሕመም ከዚህ ወገን ነው። ከቶንሲል ወይም ከቆዳ ቁስል በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሽንቱን ሥጋ የታጠበበት ውኃ የሚያስመስለው ሕመምም እንዲሁ። ይኸኛው በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በእንክብካቤ ይድናል። በከባድ ተቅማጥ ውኃው ያለቀበት ሕፃን ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል፤ ያም ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል። የማይመለሰው በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያልቀው ነው። ስለ ንቅለ ተከላ የምናወራው ስለ እርሱ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ እስኪተካለት ድረስ በእጥበት ይቆያል። በማሽን የሚደረገው የደም እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ እያንዳንዱም ሦስትና አራት ሰዓት ይወስዳል። ከዚህ ከአዲስ ቅዳም እስከ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ አባት ልጁን ይዞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢመላለስ 600 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ መኪና ተገኝቶ፣ ለእጥበቱ የሚከፈለው ገንዘብም ተሟልቶ። ስለዚህ ቤተሰብ ይሰደዳል። ከብቱ ይሸጣል፤ ለከሰል ሊቆረጥ ዕድሜው ያልደረሰ የደከረንስ ማሳ በርካሽ ይለቀቃል፤ እናት ሌሎቹን ልጆች ለአያት ትታ ከታማሚው ጋር ከተማ ቤት ትከራያለች። ይህ ሁሉ ተከፍሎም እጥበት የልጅን ዕድገት አይመልስም። በእጥበት ላይ ያለ ልጅ ቁመቱ ይጓተታል፣ አጥንቱ ይዳከማል፣ ትምህርቱ ይቋረጣል። ለአዋቂ እጥበት ረጅም መጠበቂያ ሊሆን ይችላል፤ ለሚያድግ ልጅ ግን እያንዳንዱ የእጥበት ዓመት ከዕድገቱ የሚቀነስ ነው። ለልጆች ንቅለ ተከላ ይቅደም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ለጋሹ እንመለስ። የንቅለ ተከላ ታሪክ ሲጀመር ጀምሮ ስለ ወንድማማቾች ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ፣ ፒተር ቤንት ብሪገም በተባለው ሆስፒታል ዶክተር ጆሴፍ መሪ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሠሩ። ለጋሹ ሮናልድ ሄሪክ፣ ተቀባዩ መንትያ ወንድሙ ሪቻርድ ነበር። ሁለቱም 23 ዓመታቸው ነው። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቆጠረውም። በወንድሙ ኩላሊት ስምንት ዓመት ኖረ፤ አግብቶ ልጆችም ወለደ። ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 ድረስ ኖሮ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ዶክተር መሪ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ አይነገርም። ያን ጊዜ ሰውነት ባዕድ አካልን እንዳይጥል የሚከለክል መድኃኒት ስላልነበረ መንትያ ያለው ሁሉ ወደ ቦስተን ይመጣ ጀመር። ከመካከላቸውም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ነበሩ። ሐኪሞቹ ፈሩ፤ ለጤነኛው ልጅ ምንም የማይጠቅመውን ቀዶ ሕክምና በወላጅ ፈቃድ ብቻ እንዴት እናደርጋለን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1957 የማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት በሦስት እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ፈቀደ፤ በአንደኛው መንትዮቹ 19 ዓመታቸው፣ በሁለቱ ግን 14 ዓመታቸው ነበር። በጊዜው በዚያ አገር 19 ዓመትም ለአካለ መጠን አያደርስም ነበር። የፍርዱ ምክንያት ልብ ይነካል፦ መንትያው ቢሞትበት የተረፈው ልጅ የሚደርስበት የመንፈስ ጉዳት ከባድ ስለሆነ፣ መስጠቱ ለእርሱም ጥቅም ነው ተባለ።

ይህን ፍርድ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ዳኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሌላ መንገድም በእጃቸው አልነበረም። ግን የ14 ዓመት ልጅ ወንድሙ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እናቱ እያለቀሰች፣ ዘመድ ሁሉ እያየው «እምቢ» ማለት ይችላል? እምቢታ የማይቻልበት ቦታ ላይ የተገኘ እሺታ ፈቃድ ሊባል አይችልም። ዓለምም ቀስ በቀስ ወደዚህ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቃቸው የንቅለ ተከላ መርሆዎች፣ በሕግ ተለይተው ከተፈቀዱ በጣም ጠባብ ሁኔታዎች በስተቀር በሕይወት ካለ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ አካል አይወሰድም ተብሏል። የ1957ቱ መንትዮች የተፈቀደላቸው መድኃኒት ስላልነበረ ነው። ዛሬ መድኃኒት አለ፤ እናት ለልጇ፣ አጎት ለእኅቱ ልጅ መስጠት ይችላሉ። ስለዚህ በዘመድ ምክር መካከል ያ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከቤት ወጥቶ ከብቱን ቢመልስ ይሻላል፤ ጥያቄው የእርሱ አይደለም።

በእኛ አገር ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ንቅለ ተከላ በዓለም ላይ ገና በጨቅላነቱ ሳለ፣ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት አንቀጾች ነበሩት። አንቀጽ 18 ሰው በሕይወት እያለ በአካሉ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያስከትል ስጦታ ቢያደርግ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም ይልና፣ በሕክምና ሙያ ደንብ የታወቀ ሲሆን ግን ይፈቅዳል። አንቀጽ 19 ደግሞ አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማናቸውም ጊዜ ቃሉን መሻር እንደሚችል ይደነግጋል። በማናቸውም ጊዜ ነው የሚለው። ወረቀት ፈርሞ፣ ምርመራውን ሁሉ ጨርሶ፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገባ ሲል እንኳ «ይቅርብኝ» ማለት ይችላል። በብዙ የንቅለ ተከላ ማእከሎች ሐኪሞች ለጋሹን ብቻውን ያነጋግሩታል፤ ሐሳቡን ከቀየረም ለቤተሰቡ «ፈራ» አይሉም፣ «ለመስጠት አልተስማማም» አይሉም። «በሕክምናው መስፈርት ለጋሽ ሊሆን አልቻለም» ብለው ይዘጉታል። በመንደር አብሮ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ጥበቃ እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድ ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ፎቶውን መኪና ላይ ለጥፎ በድምፅ ማጉያ ወገንን ይለምን ነበር። ልመናው ዛሬም አላበቃም። ማእከሉ የተመሠረተው በሕይወት ካለ ዘመድ በሚገኝ ኩላሊት ነው። የሚሸጥ ኩላሊት አይቀበልም፤ ዝምድናው ይጣራል፤ ለጋሹም ከተቀባዩ ባላነሰ ይመረመራል።

እዚህ ላይ «ወጣት ለጋሽ» የሚለው ነገር በሌላ መልኩ ይመጣብናል። አሥራ ስምንት የሞላት እኅት አለች። በሕግ አዋቂ ናት። ኩላሊቷ ጤናማ ነው፣ ሰውነቷም ከታማሚው ወንድሟ ጋር ሊስማማ ይችላል። ወላጅና ልጅ በውርስ ሁልጊዜ ቢያንስ በግማሽ ይገጥማሉ። እኅትና ወንድም ግን ከአራት አንድ ዕድል ሙሉ በሙሉ ሊገጥሙ፣ ከአራት አንድ ዕድል ደግሞ ምንም ላይገጥሙ ይችላሉ። ታዲያ እርሷ ትስጥ?

ቁጥሮቹን ልንገራችሁና ፍረዱ። ኩላሊት የሰጠ ጤነኛ ሰው የቀረው አንዱ ኩላሊት ይፋፋና የሁለቱን አቅም 70 በመቶ ያህል ይተካል፤ አብዛኛው ለጋሽ ሙሉ ዕድሜውን በጤና ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ96 ሺሕ በላይ የአሜሪካ ለጋሾችን የተከታተለ ጥናት ግን አንድ ነገር ገለጠ። ከ10,000 ለጋሾች መካከል በዕድሜ ዘመናቸው ወደ 90 የሚሆኑት ራሳቸው የኩላሊት መድከም እንደሚገጥማቸው ተገመተ፤ ልክ እንደ እነርሱ ጤነኛ ሆነው ካልሰጡት መካከል ግን 14 ብቻ። ሳይመረመር ከተወሰደው ጠቅላላ ሕዝብ ውስጥ ቁጥሩ 326 ነው፤ ስለዚህ ለጋሾቹ ከተራው ሰው የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም ጭማሪው እውነተኛ ነው፤ የሚገለጠውም ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ብዙ ዓመት የሚቀራት የ19 ዓመት ልጅ ከ45 ዓመት እናቷ የበለጠ ትሸከመዋለች። በ2015 ደግሞ በካናዳ የተሠራ ጥናት ከሰጡ በኋላ ያረገዙ ሴቶችን ተመለከተ። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ከሰጡት 11 በመቶውን፣ ካልሰጡት 5 በመቶውን አገኘ። በካናዳ ያለች ነፍሰ ጡር ግፊቷ በየጊዜው ይለካል። በገጠራችን ግፊቷ አንዴም ሳይለካ የምትወልድ እናት አለች። ስለዚህ ገና ያልወለደች ልጃገረድ ለወንድሟ እንድትሰጥ ከመጠየቋ በፊት አባት፣ እናት፣ አጎት፣ አክስት ተራ በተራ ይመርመሩ። ወልዳ የጨረሰች እናት ከልጇ በፊት ትቅደም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ብዙ የንቅለ ተከላ ሐኪሞችም ለወጣት ለጋሾች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያደርጋሉ።

«የአዋቂ ኩላሊት ለልጅ ይከብደው ይሆን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አዲሱ ኩላሊት በጀርባ በኩል በአሮጌዎቹ ቦታ አይገባም፤ አሮጌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ይቀራሉ። አዲሱ ከእምብርት በታች በጎን በኩል ይተከልና ወደ እግር ከሚወርዱት የደም ሥሮች ጋር ይሰፋል። በትንሽ ልጅ ግን እነዚያ ሥሮች ስለሚቀጥኑ በሆድ መካከል ካለው ከዋናው የደም ሥር ጋር ይገናኛል። ችግሩ ያለው ደሙ ላይ ነው፤ የአዋቂ ኩላሊት በሕፃን ሰውነት ውስጥ ማለት በትንሽ ምንጭ ላይ ትልቅ የውኃ ወፍጮ መትከል ነው። በቂ ደም ካልደረሰው ይረጋበትና ይሞታል። ስለዚህ ሕፃኑ ቢያንስ 10 ኪሎ ገደማ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜም ብዙ ፈሳሽ እየተሰጠው ግፊቱ ከፍ ብሎ ይያዛል። ይህ በተለማመደ እጅ ሲሠራ ከወላጅ የመጣ ኩላሊት ለልጅ ከሚገኙት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ካላቸው መካከል ነው። ከዓመታት በኋላ ልጁ ያድግና ከኩላሊቱ ጋር ይመጣጠናል።

አሁን ወደ ሟች ልጆች ኩላሊት። በሰሜን አሜሪካ የልጆች የኩላሊት ንቅለ ተከላ ውጤት በጋራ መዝገብ መከታተል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘገባ አስደንጋጭ ነበር፦ ዕድሜያቸው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በታች ከሆኑ ሟቾች የተወሰዱ ኩላሊቶች በተቀባዮቹ ልጆች ውስጥ ቶሎ ይጠፉ ነበር። የሚገድላቸው በብዛት የደም መርጋት ነበር፤ ቀጫጭን ሥር ከቀጭን ሥር ጋር ሲሰፋ በትንሽ ስሕተት ይዘጋል። ብዙ ሐኪሞች ከዚያ በኋላ እነዚያን ኩላሊቶች መውሰድ ተዉ። ኀዘን ላይ ያሉ ወላጆች የሰጡት ስጦታ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

ጥቂቶቹ ግን አልተዉም። የስፌቱን ዘዴ አሻሻሉ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያግዝ መድኃኒት ጨመሩ፤ በጣም ትንንሾቹን ኩላሊቶች ነጥለው ከመትከል ይልቅ ሁለቱንም ከዋናው የደም ሥር ቁራጭ ጋር አንድ ላይ ለአንድ ሰው መትከልን ተማሩ። ከዓመታት በኋላ መዝገቡ እንደገና ሲመረመር ውጤቱ ተለውጦ ተገኘ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ መርጋት ያለፉ የትንንሽ ልጆች ኩላሊቶች ከወጣት ለጋሾች ምርጥ ከሚባሉት ኩላሊቶች ጋር የሚወዳደር ዕድሜ አላቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ከትልቅ ሰው የመጣ ኩላሊት አቅሙ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ ከትንሽ ልጅ የመጣው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ላይ ይወጣል። ማጣሪያዎቹ ሙሉ ናቸው ብዬ ነበር፤ በአዲሱ ባለቤታቸው ውስጥ ይፋፋሉ፣ አብረውት ያድጋሉ።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2005 የአካል ምደባ ደንብ አወጣች፤ ከ35 ዓመት በታች ሆነው ከሞቱ ሰዎች የሚገኝ ኩላሊት በቅድሚያ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይቅረብ ተባለ። ልጆቹ በወረፋ የሚጠብቁበት ጊዜ አጠረ። ነገር ግን ያልታሰበ ነገር ተከተለ፤ የሚሰጡ ወላጆች ቁጥር ቀነሰ። ወላጅ «ከሟች ቶሎ ከተገኘ የእኔን ለኋላ ላቆይ» ማለት ጀመረ። ይህን ሐሳብ አልነቅፈውም። የተተከለ ኩላሊት ዘላለማዊ አይደለም፤ በደህና ከአሥር ዓመት በላይ ይሄዳል፣ ከሕያው ለጋሽ ሲሆን ከዚያም ይረዝማል፣ ግን የስምንት ዓመት ልጅ በዕድሜው ሁለተኛ፣ ምናልባትም ሦስተኛ ኩላሊት ያስፈልገዋል። የትኛው ይቅደም የሚለው ክርክር ዛሬም አለ። የእኔ ሚዛን ወደ ወላጁ ያደላል፤ ምክንያቱም የዛሬው የ40 ዓመት አባት ከ15 ዓመት በኋላ ደም ግፊትና ስኳር ሊኖርበት፣ ላይፈቀድለትም ይችላል። የመጀመሪያው ኩላሊት በደንብ ካልገጠመም ሰውነት ፀረ እንግዳ ኃይል ያበጅና ሁለተኛውን ማግኘት ይከብዳል።

አንድ ልጅ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1994 ኒኮላስ ግሪን የተባለ የሰባት ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ከወላጆቹና ከእኅቱ ጋር በደቡብ ኢጣልያ በመኪና ሲጓዝ ወንበዴዎች ተኩሰው መቱት፤ ከሁለት ቀን በኋላ አንጎሉ ሞተ ተባለ። አባትና እናቱ አካሉን ልጃቸው ለተገደለበት አገር ሰዎች ሰጡ። ሰባት ሰዎች ተቀበሉ፤ ሁለቱ ኩላሊቶቹ የሄዱት ለሁለት ልጆች ነው። ያን ጊዜ ኢጣልያ በአካል ልገሳ ከአውሮፓ ወደ ኋላ ከቀሩት አገሮች አንዷ ነበረች፤ በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት የለጋሾች ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ አደገ። ሕዝቡን ያነሣሣው ከሕግ ይልቅ የአንድ አባትና እናት ውሳኔ ነበር።

ጃፓን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። ሀብትም ሙያም ያላት አገር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ከ15 ዓመት በታች ከሆነና አንጎሉ ከሞተ ልጅ አካል መውሰድን አልፈቀደችም ነበር፤ ሟቹ ራሱ በሕይወቱ ሳለ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበረበትና። የታመመ ልጅ ያላቸው ወላጆች ገንዘብ እየሰበሰቡ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር። የተሻሻለው ሕግ በ2010 ሥራ ላይ ሲውል የወላጅ ፈቃድ በቂ ሆነ። የጃፓን ሰዎች ለሟች አካል ያላቸው ክብር ከእኛ የሚያንስ አይመስለኝም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ተከራክረው የደረሱበት ነው።

እኛ ዘንድ ከሟች ኩላሊት መስጠት እንዲቻል የሚያስፈልገው ብዙ ነው። የአንጎል ሞት ማለት በመሣሪያ እየተነፈሰ ልቡ ቢመታም አንጎሉ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው የቆመ ሰው ማለት ነው፤ ይህን ከንቅለ ተከላው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሐኪሞች ማረጋገጥ አለባቸው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የሚገጥመውን ተቀባይ የሚመርጥ ላቦራቶሪ፣ በበረዶ የተያዘውን ኩላሊት በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ የሚያደርስ መጓጓዣ ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን የሕዝብ አመኔታ ይፈልጋል፤ «ልጄን ሳይሞት ገደሉብኝ» የሚል ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

አካል ሳይጎድል መቀበር እንደሚገባው የምታምኑ አላችሁ፤ አከብራችኋለሁ። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን ከሞቱ በኋላ መስጠትን ጀምረዋል። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ቃል ከገቡ ሰዎች ከሞት በኋላ የዓይን ብሌን ተቀብሎ ለታወሩ ይሰጣል። ለጋሾቹ ጸሎተ ፍትሐታቸው ደርሶላቸው፣ ልቅሶ ተለቅሶላቸው፣ እንደ ማንም ተቀብረዋል። ካህናት አባቶች ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ሕዝቡ ከሐኪም ይልቅ የእናንተን ቃል ይሰማል። ኀዘን ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ማንም ሳይሞት፣ ብትነጋገሩበት እመርጣለሁ።

ከተተከለ በኋላ ያለውንም ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ ቀዶ ሕክምናውን የመጨረሻ አድርጎ ያስባልና። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት መድኃኒቶች ኩላሊቱ እስካለ ድረስ በየቀኑ፣ በሰዓታቸው ይወሰዳሉ። እነዚህ ከቆሙ ሰውነት ኩላሊቱን ያጠፋዋል። አደገኛው ዕድሜ ደግሞ ትንሹ ሕፃንነት አይደለም። በአሜሪካ የተተከሉ ልጆችን የተከታተሉ ሐኪሞች ኩላሊት በብዛት የሚጠፋው ከ17 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ መሆኑን አግኝተዋል። ልጅ ሳለ እናቱ ትሰጠው የነበረውን መድኃኒት አሁን ራሱ ይያዝ ይባላል፤ ጤነኛ ነኝ ብሎ ያስባል፤ ፊቱን የሚያሳብጠው ኪኒን ያሳፍረዋል፤ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቤት ይርቃል። እናት የሰጠችው ኩላሊት በዚህ ዕድሜ ሲጠፋ ልጁም እናቱም ይሰበራሉ። ስለዚህ ልጁ 12 እና 13 ሲሞላው ጀምሮ የመድኃኒቱን ስምና ሰዓት ራሱ ይወቅ፤ ከ18 በኋላም አንድ ሰው፣ ታላቅ እኅትም ትሁን ጓደኛ፣ በየቀኑ ይጠይቀው።

በመጨረሻ፣ ንቅለ ተከላ ላይ ሳይደረስ ሊያዝ ስለሚችለው። ጠዋት ሲነሣ የዓይኑ ቆብ የሚያብጥ ልጅ ወፍሮ አይደለም። ሽንቱ ለረጅም ጊዜ አረፋ የሚይዝ፣ ወይም ቀይ የሆነ፣ ወይም ያለ ምክንያት ትኩሳት እየተመላለሰበት ሲሸና የሚያለቅስ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ የመመርመሪያ ወረቀት ሽንት ውስጥ ተነክራ ፕሮቲንና ደም መኖሩን በደቂቃዎች ታሳያለች። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን መጀመሪያ ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው። ለትኩሳትና ለሕመም ብላችሁ ዳይክሎፌናክን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ለልጅ አትስጡ፤ ውኃ ያነሰውን ልጅ ኩላሊት ይጎዳል። ለወንድ ሕፃን ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ እዩ። ሲሸና ሽንቱ ራቅ ብሎ ይወረወራል ወይስ ይንጠባጠባል? ያምጣል? እምብርቱ ሥር ጠጠር ያለ እብጠት ይዳሰሳል? ወንዶች ብቻ ይዘውት የሚወለዱት፣ የሽንት ቧንቧን ከውስጥ የሚጋርድ ቀጭን ሥጋ አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተገኘ በቧንቧው በኩል በሚገባ መሣሪያ ይቆረጣል፤ ልጁ ከዚያ በኋላም ክትትል አይለየው። ዘግይቶ ሲገኝ ኩላሊቶቹ ብዙውን ጊዜ ተጎድተው ይቆያሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችሁ ስትመጣ ስለ ክትባቱ እንደምትነግሯት ሁሉ ስለ አሸናኑም ንገሯት።